የጎደለችው ዙር

ባለቤቴ ቁልፍ ቀራጭ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሰውየው ውሸታም እንዳልሆነ እንድታውቁልኝ ነው። ቁልፍ ቀራጭ ቢዋሽም አያዋጣውም፤ ቁልፉ ወይ ይከፍታል ወይ አይከፍትም። እሱ ደግሞ ከከፈተችም በኋላ አይለቃትም። ትንሽ ከያዘች መልሶ የብረት ማሰሪያው ላይ ያጠብቃታል፣ በፀጉር ስፋት ይሞርዳታል፣ እፍ ይልባታል፣ እንደገና ይሞክራታል። ደንበኛው ቸኩሎ "ጋሼ፣ ከፈተች እኮ፣ ይበቃል" ሲለው፣ "ከፍታለች፤ ግን ቅር እያላት ነው" ይላል። ለብረት እንኳ እንዲህ የሚጨነቅ ሰው ነው።

እኔ የኪሮሽ ባርኔጣ እሠራለሁ። የቤታችን የፊት ክፍል በመንገዱ በኩል ትልቅ መስኮት አላት። እዚያ ተቀምጬ ስሠራ አላፊ አግዳሚው ያየኛል፣ እኔም አየዋለሁ፣ ያየሁትን ደግሞ ዝም ብዬ አላሳልፍም። ምላሴ ከኪሮሼ እንደሚፈጥን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ሥራው ትዕግሥት ላለው ሰው ቀላል ነው። እኔ ትዕግሥት የለኝም፤ ግትርነት ግን ሞልቶኛል፣ እሱም ያስኬዳል። በኪሮሹ ጫፍ እየተሳበች የምትወጣውን እያንዳንዷን ቋጠሮ ዓይን እንላታለን። ባርኔጣ በስድስት ዓይን ይጀመራል። በየዙሩ ስድስት ስድስት ዓይን እየተጨመረ አናቱ እንደ ሰሃን ይሰፋል። አናቱ በቃ ሲባል መጨመር ይቆምና ጎኑ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ጆሮ ጋ ሲደርስ እንደገና መጨመር ይጀመራል፤ ያኔ ክፈፉ ይዘረጋል። እንግዲህ ባርኔጣ የሚያምረውም የሚበላሸውም አናቱ በቃ በተባለበት ዙር ላይ ነው። አንድ ዙር ቀድሞ ከቆመ ራስ ያንቃል፣ አንድ ዙር ካለፈ ዓይን ላይ ይደፋል።

የኔ መነሻ አሥራ ሦስት ዙር ነበር፤ ሰባ ስምንት ዓይን። የባለቤቴ ራስ ነዋ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ የሠራሁት ባርኔጣ ሁሉ የተቆጠረው ከሱ ራስ ተነስቶ ነው።

ሜትር አልወድም። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መስኮቴ ሥር ይቆምና "እትዬ፣ ይቺን ላውስሽ?" ይለኛል።

"ራስ ጨርቅ መሰለህ እንዴ? ራስ የሚለካው በራስ ነው" እለዋለሁ።

እውነቴን ነበር። ክር ይለጠጣል፣ እጅ አንድ ቀን ይጠብቃል አንድ ቀን ይላላል፣ ሜትር ይህን አያውቅም። ስለዚህ ለባለቤቴ አዲስ ባርኔጣ በሠራሁ ቁጥር ጆሮ ጋ ስደርስ ክፈፉን ከመጀመሬ በፊት ራሱ ላይ አደርግለታለሁ። እሱ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። እኔ ወደ ኋላ ራቅ ብዬ አየዋለሁ።

"እንዴት ናት?"

"ልክ ናት" ይላል።

ሁልጊዜ ልክ ናት። ዘጠኝ ባርኔጣ ሠርቼለታለሁ፣ ሁሉም ቢጫ፣ ሁሉም ሰባ ስምንት ዓይን፣ ሁሉም ልክ። ሱቁ በራፍ ላይ በዚያ ቢጫ ባርኔጣ ተቀምጦ ሲሞርድ ከሩቅ ስለሚታይ ሰዉ የሱፍ አበባ ብሎ ሰይሞታል። "ቁልፍ የት ነው የሚቀረጸው?" ብሎ ለጠየቀ "ቀጥ በል፣ የሱፍ አበባውን ታገኘዋለህ" ነው መልሱ።

ለሌላ ሰው ስሠራም ከዚያው ከሰባ ስምንት እጀምራለሁ። ከዚያ የሚለብሳትን ሰው አስቀምጬ እሞክራለሁ። ትጠባለች። እተረትራለሁ፣ አንድ ዙር እጨምራለሁ፣ ሰማንያ አራት ይሆናል፣ ልክ ይመጣል። ልብስ ሰፊው ሰማንያ አራት። ባለ ሱቋ ሰማንያ አራት። ልጇ ገና አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ እሷም ሰማንያ ሁለት። እኔ ታዲያ ምን ብዬ ደመደምኩ? የዚህ ሰፈር ሰው ራሱ ትልቅ ነው ብዬ። በግልጽ እነግራቸው ነበር። "ውስጡ ምን እንዳለ እንጃ እንጂ ግድግዳው ሰፊ ነው" እላቸዋለሁ። ባለቤቴን ደግሞ በሰው ፊት "የኔ ባል ራሱ እንቁላል ታህላለች፣ ክር አታስጨርስም" እያልኩ እቀልድበታለሁ። እሱ ፈገግ ይላል። ሰው ሁሉ ይስቃል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ የምናገረውን ሁሉም ሲሰማ እኔ ብቻ አልሰማሁትም።

አንድ ቀን የአንድ ችግኝ ጣቢያ ኃላፊ መጣች። ፈጣን፣ ቁም ነገረኛ ሴት ናት፣ ቦቲ ጫማዋ ላይ ጭቃ ደርቋል። ሠራተኞቿ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ናቸው፤ ከገበያ የተገዛላቸውን ባርኔጣ ነፋስ እየወሰደ አስቸግሯቸዋል። አሥራ አንድ ባርኔጣ ፈለገች።

"ጥሩ ከሆነ በየዓመቱ ከርስዎ ጋር እንሠራለን፤ ሌሎቹም ጣቢያዎች እኛን ነው የሚጠብቁት" አለችኝ።

ደስ አለኝ። በመስኮት የምታይ ባለ ኪሮሽ ነበርኩ፤ አሁን አሥራ አንድ ሰው በኔ ሥራ ተሰልፎ ሊታይ ነው።

"ሰዎቹን ላኪልኝና ልለካቸው" አልኳት።

"አይሆንም፤ ተከላ ደርሷል፣ አንድ ሰው እንኳ አይነቀልልኝም። መካከለኛ አድርገው ይሥሩት።"

መካከለኛ ራስማ ቤቴ አለ። ሰባ ስምንት። የኛ ሰፈር ሰው ነው እንጂ ትልቅ ራስ ያለው፣ እነዚህ ሰዎች ከሌላ ሰፈር ናቸው። እየሳቃችሁ እንደሆነ ይገባኛል። እኔ ግን በሙሉ ልቤ ነው ያሰብኩት።

ምሳ ላይ ለባለቤቴ ነገርኩት። ጉርሻውን ዋጠ።

"ለጥንቃቄ አንድ ዙር ብትጨምሪበትስ?" አለ።

"ለምን?"

"እንዲያው። ሰው እኮ ራሱ ይለያያል።"

"አንተ ቁልፍህን ቅረጽ። እኔ ጥርስ ጨምር ቀንስ ብዬህ አውቃለሁ?"

"አታውቂም" አለና ወደ ሳህኑ አቀረቀረ። አሁን ሳስበው የሆነ ነገር ሊል አፉን ከፍቶ ነበር። እኔ ግን ክር ልመርጥ ተነስቻለሁ።

አሥራ አንዱንም በሦስት ሳምንት ጨረስኩ። አረንጓዴ ክር፣ ሰፊ ክፈፍ፣ ነፋስ እንዳይወስዳት ከአገጭ ሥር የምትታሰር ቀጭን ገመድ። ደርድሬ ሳያቸው ራሴን ማመስገን አማረኝ፤ አመሰገንኩም። ካስረከብኩ በአራተኛው ቀን ኃላፊዋ ባርኔጣዎቹን በማዳበሪያ ከረጢት አጭቃ መልሳ አመጣችልኝ።

"ሁሉም ጠበዋቸዋል" አለች።

"ስንቶቹን?"

"ሁሉንም አልኩ እኮ። ሥራው ቆንጆ ነው፤ ግን ራሳቸው ላይ አይገባም። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ካልተስተካከለ ከገበያው እገዛለሁ።"

ደሜ ፈላ። አሥራ አንድ ሰው ባንዴ አይጠበውም፤ ይህ ምቀኝነት ነው አልኩ። ከረጢቱን ተሸከምኩ፣ ኪሮሼን ኪሴ ከተትኩ፣ ከኋላዋ ተከትዬ ጣቢያው ድረስ ሄድኩ።

ሠራተኞቹ በጥላ መረብ ሥር በረጅሙ በተደረደሩት ችግኞች መካከል ነበሩ። ኃላፊዋ ጠራቻቸው፤ እጃቸውን በሱሪያቸውና በሽርጣቸው እየጠረጉ መጡ። የመጀመሪያው የውሃ ጎማ የሚይዘው ወፍራም ሰውዬ ነው። ባርኔጣዋን ደፋሁለት። ከግንባሩ በላይ ቆመች።

"ፀጉርህ ነው የከለከላት" አልኩት።

"ፀጉር የለኝም እኮ እትዬ" አለ። እውነቱን ነው፤ አናቱ ያብረቀርቃል።

ሁለተኛዋን ሻሽሽን አውልቂ አልኳት፤ አወለቀች፤ አሁንም አልገባም። ሦስተኛውን ሙቀት ራስ ያሳብጣል አልኩት። ያኔ ሁሉም ሳቁ፤ ኃላፊዋም ፊቷን ወደ ችግኞቹ አዞረች። እኔ ግን በያንዳንዳቸው ግንባር ላይ አንድ ዓይነት ነገር እያየሁ ነበር። ሦስት ቀን ብቻ ለብሰዋት ቀይ መስመር አውጥታባቸዋለች። ገመድ የታሰረበት ቦታ ይመስላል።

መጨረሻ ላይ አንዲት አሮጊት ቀረቡ። አረም የሚነቅሉ ቀጭን ሴት ናቸው፤ ፊታቸው የልጅ ፊት ያህላል። እንግዲህ ለኚህ ካልሆነች ለማን ልትሆን ነው ብዬ ደፋሁላቸው። ገባች። ገባችና ቅንድባቸውን ወደ ላይ ሳበችው፤ ሲያዩኝ የደነገጡ መሰሉ።

"ልጄ፣ ይቺን በማን ራስ ነው የለካሻት?" አሉኝ።

"በባለቤቴ ነው እማማ።"

"ስንት ዓመት ለበሳት?"

"ሃያ ሁለት ዓመት።"

ባርኔጣዋን አውልቀው ግንባራቸውን አሹ።

"ራሱን አያመውም?"

"ኧረ አያመውም" ልል ነበር። ግን በየማታው ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ፊቴ ላይ መጣ። ፎጣ በቀዝቃዛ ውሃ ነክሮ ግንባሩ ላይ ያደርጋል። እኔ "ፀሐዩ ነው፣ ባርኔጣህን ደህና አድርገህ ድፋ" እለዋለሁ።

"ምስኪን" አሉ አሮጊቷ። በሽሙጥ አልነበረም። እንዲያው አዝነው ነው ያሉት፤ እኔንም የገደለኝ ይኸው ነው።

ከረጢቱን እዚያው ትቼ ወጣሁ። ምሳውን አብዛኛውን ቀን ጠዋት ቋጥሬ ስለምሰጠው እኩለ ቀን ላይ ወደ ባለቤቴ ሱቅ ሄጄ አላውቅም። የዚያን ቀን ሄድኩ። መንገዱን ልሻገር ስል አየሁትና ከቆመ የጭነት መኪና ጎን ቆምኩ።

ባለቤቴ ባዶ ራሱን ነው። አይ፣ ባዶ ራሱንም አይደለም። ከካርቶን የተቆረጠ ጥላ በገመድ ግንባሩ ላይ አስሯል። እንደሱ ሥራ ሁሉ በጥንቃቄ የተቆረጠ ነው፤ ጠርዙ አልተንጋደደም። ከእግሩ አጠገብ ትንሽ ባልዲ ተደፍታለች። ባልዲዋ ላይ ዘጠነኛዋ ቢጫ ባርኔጣ በውሃ ርሳ፣ እንድትለጠጥ እስከ ባልዲዋ ጆሮ ድረስ ተጎትታ ፀሐይ ትሞቃለች። እሱ ቁልፍ ይሞርዳል፤ አልፎ አልፎ እጁን ሰዶ ባርኔጣዋን ወደ ታች ሳብ ያደርጋታል።

ከግንባሩ እስከ ማጅራቱ፣ ባርኔጣዋ በምታርፍበት ቦታ፣ ፀጉሩ ሳስቶ እንደ ቀለበት ይታያል። ይህን ቀለበት ሳየው ኖሬያለሁ። እርጅና ነው እያልኩ ሳየው ኖሬያለሁ።

መጀመሪያ የተሰማኝ ኀዘን ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ግን እኔ እኔ ነኝ፤ መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው። ተሻገርኩ። ሲያየኝ እጁ ወደ ባልዲዋ ሄደ።

"ተዋት" አልኩት።

ተዋት። አንድ ደንበኛ ቁልፉን እየጠበቀ በርጩማ ላይ ተቀምጧል።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ምኑ?"

"አታድርቀኝ።"

ካርቶኑን ቀስ ብሎ ፈታና ጭኑ ላይ አስቀመጠው። "ከመጀመሪያዋ" አለ።

"ስንቴ ጠየቅኩህ? ዘጠኝ ጊዜ ራስህ ላይ አድርጌ ዘጠኝ ጊዜ ጠየቅኩህ።"

"ጠይቀሻል።"

"የሰፈሩን ሰው ሁሉ ባለ ትልቅ ራስ እያልኩ ስሰድብ እያየህ! አንተን በሰው ፊት ባለ እንቁላል ራስ ስልህ!"

"ደስ ይልሽ ነበር" አለ።

"ጨውስ? ልክ ነው የምትለኝ የወጡ ጨውስ?"

"ጨው አልፎ አልፎ ይበዛል።"

ደንበኛው ተነሳ። "ጋሼ፣ ቁልፌን ነገ እወስዳለሁ" አለና ወደ ኋላው እያየ ሄደ።

በርጩማው ላይ እኔ ተቀመጥኩ። የምፈራውን አልኩት። "እንግዲህ የቱን ልመን?" አልኩት። "በሕይወቴ አንድ የማምነው ነገር ቢኖር አንተ ልክ ናት ስትለኝ ነበር። እሱ ውሸት ከሆነ ሌላው ምን እንደሆነ በምን አውቃለሁ?"

ሞረዱን በጨርቅ ጠረገ፤ ጥርት ብሎ ሳለ ደግሞ ጠረገው።

"ያን ጊዜ ሦስት ወር ሙሉ ወደ ግድግዳው ዞረሽ ነው የተኛሽው" አለ። "አልበላ ብለሽ፣ አላወራ ብለሽ። እኔ ጠዋት እወጣለሁ፣ ማታ እመጣለሁ፣ አንቺ እዚያው ነሽ። አንድ ቀን ስመጣ በሩ ላይ ቆመሽ ባርኔጣ ይዘሻል። ጫማ አድርገሽ ነበር። ከሦስት ወር በኋላ ጫማ አድርገሽ አየሁሽ። እኔ ባርኔጣዋን መች አየሁ?"

ምላሴ የፈጠነ ነው ብያችኋለሁ። የዚያን ቀን ግን እጄ ቀደመው፤ ባርኔጣዋን ከባልዲዋ ላይ አነሳኋት።

"ከዚያ በኋላስ?" አልኩት።

"ከዚያ በኋላማ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ሆነ። ዛሬ እነግራታለሁ ስል፣ ነገ ስል፣ ሁለተኛዋን ሠራሽ። ሁለተኛዋን ጠበበችኝ ካልኩ የመጀመሪያዋ ልትታወቅ ነው። ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት።"

ቤት ገብቼ ከቁም ሳጥኑ ሥር የመጀመሪያዋን አወጣሁ። በጨርቅ ጠቅልዬ ያስቀመጥኳት ናት፤ ፈትቻት አላውቅም ነበር። ቢጫው ደብዝዟል። መስኮቱ ጋ ይዣት ተቀምጬ የአናቷን ዙር ቆጠርኩ። አሥራ ሦስት። ክፈፏን አየሁ፤ በአንድ በኩል ጠባብ ናት፤ ጫፏ ላይ ክሩ በአጭሩ ተቋጥሯል፣ ምክንያቱም አልቋል።

ክሩን የገዛሁት ለልጃችን ነበር። አንድ ኮፍያና አንድ ጥንድ ካልሲ የሚያወጣ ክር። ልጁ ግን ስድስት ወር ተሸክሜው ሳይወለድ ቀረ። ክሩ መሳቢያ ውስጥ ሆኖ እኔን ሲያየኝ፣ እኔ ግድግዳውን ሳይ ከረምን። ጎረቤታችን የነበረች አንዲት አዋላጅ ነርስ ኪሮሹን እጄ ላይ አስቀመጠችና "የማንንም አትሥሪ፣ ዝም ብለሽ ዙሪ" አለችኝ። ዞርኩ። ስድስት፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ስምንት። ሳልጨርሰው ክሩ እንደማይበቃ ገባኝ፤ ስለዚህ አሥራ ሦስተኛው ዙር ላይ አናቱ በቃ አልኩ። ለትልቅ ሰው እንደማይበቃ የገባኝ ያኔውኑ ነው።

ያኔ አውቅ ነበር። ራሱ ላይ ሳደርግለት ከጆሮው በላይ እንደቀረች አይቻለሁ። በዚህ ዓይኔ አይቻለሁ። እንዴት ናት ብዬ የጠየቅኩት ለማወቅ አልነበረም። ልክ ናት በለኝ ብዬ መለመኔ ነበር። እሱ የለመንኩትን ሰጠኝ። እኔ መለመኔን እንኳ ረስቼ ሰባ ስምንትን ሕግ አደረግኩት፤ በዚያ ሕግ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ሃያ ሁለት ዓመት ቀጣሁበት። የራሷ ሲያርባት የሰው ታማስላለች የሚሉት እኔን ነው።

አለቀስኩ። ደህና አድርጌ አለቀስኩ። ልብስ ሰፊው በመስኮቱ ሲያልፍ አይቶኝ ቆመ።

"እትዬ፣ ምነው?"

"ሜትርህን አውሰኝ" አልኩት።

ሜትሩን ከአንገቱ አውልቆ ሲሰጠኝ "እግዜር ያጽናሽ" አለኝ። ሰው የሞተብኝ መስሎት ነው።

በማግሥቱ ችግኝ ጣቢያው ሄድኩ። ኃላፊዋን "ጥፋቱ የኔ ነው፤ እዚሁ ተቀምጬ ራስ በራስ ላስተካክል" አልኳት። ከጥላ መረቡ ሥር ባዶ ሳጥን ገልብጣ ሰጠችኝ። አምስት ቀን እዚያ ተቀመጥኩ። የአንዱን ራስ በሜትር ለክቼ ባርኔጣውን እስከ አናቱ እተረትራለሁ፣ የጎደለችውን ዙር እጨምራለሁ፣ ጎኑን አወርዳለሁ፣ የሚለብሰውን ሰው እጠራለሁ። ስደፋላቸው አሁን ዓይናቸውን ነው የማየው። "እውነቱን ተናገር፣ አልቆጣም" እላለሁ። መጀመሪያ አያምኑኝም ነበር። መላጣው ሰውዬ ሰማንያ ስድስት ሆነ። አንዷ ፀጉሯን ቀን ቀን ስለምትጠቀልለው ሰማንያ ስምንት አደረግኩላትና ሲፈታ እንዳይሰፋት ከውስጥ ላስቲክ አስገባሁበት። አሮጊቷ ሰማንያ በቃቸው። የያንዳንዳቸውን ቁጥር ከክፈፉ ሥር በነጭ ክር ጠልፌ አስቀመጥኩ፤ ሌላ ጊዜ ከማንም ራስ አልነሳም።

አሮጊቷ የመጨረሻው ቀን ላይ ባርኔጣቸውን እንደደፉ መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

"የሰውዬሽንስ ሠራሽለት?"

"ገና ነው እማማ።"

"ምን ትጠብቂያለሽ?"

ምን እንደምጠብቅ አልነገርኳቸውም። ኃላፊዋ ለሚቀጥለው ዓመትም ትዕዛዝ እንዳለኝ ስትነግረኝ እንኳ ልቤ እዚያ አልነበረም። የሱን ለመጨረሻ ያስቀረሁት ፈርቼ ነው። ሰማንያ አራት አድርጌ ስደፋለት እንደገና ልክ ናት ቢለኝስ? እንዴት አውቃለሁ? እውነቱን ይሁን፣ አዝኖልኝ ይሁን፣ በምን እለየዋለሁ? ይህ ሰው ልክ ናት ማለትን እንደ ደህና አደርሽ ለምዶታል።

እሑድ ጠዋት ሱቁ ዝግ ነው። መስኮቱ ጋ አስቀመጥኩት። አሥረኛዋ ባርኔጣ ናት፤ ቢጫ፣ አሥራ አራት ዙር፣ ጎኗ እስከ ጆሮ የወረደ፣ ክፈፏ ገና ያልተጀመረ። ኪሮሹ ከነክሩ እንደተሰካ ራሱ ላይ አደረግኩለት። ገባች። ጆሮው ድረስ ወረደች። ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ ባሌን ባርኔጣ ለብሶ አየሁት።

ወደ ኋላ ራቅ አልኩ። ድምፄ እንዳይለምን ብዬ ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

"እንዴት ናት?"

"ልክ..." አለና አቆመ።

ዓይኑን ጨፈነ። ራሱን በቀስታ ወደ ቀኝ አዞረ፣ ወደ ግራ አዞረ፤ አዲስ ቁልፍ ጉድጓዱ ውስጥ አድርጎ ሲያዞር እንደዚያ ነው የሚያደርገው። እጁን አንስቶ ጣቱን ከግንባሩ በቀኝ በኩል አስቀመጠ።

"እዚህ ጋ ትንሽ ትይዘኛለች" አለ።

ዓይኑን ከፍቶ አየኝ። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ሳህን የሰበረ ልጅ ይመስል ነበር። ወንበሩ አጠገብ ተንበረከክሁና እጁን ከነጣቱ ያዝኩት። ማልቀሴንም መሳቄንም ለይቼ አላውቀውም።

"ምን ያህል ትይዝሃለች?"

"ሁለት ዓይን ብትጨምሪ ይበቃታል።"

ባርኔጣዋን ከራሱ አነሳሁ፣ ኪሮሹን ነቀልኩ፣ ክሩን ሳብኩ። ጎኗ ዙር በዙር እየተፈታ እስከ አናቷ ድረስ መጣ። እሱ ወንበሩን አስጠግቶ የሚፈታውን ክር እጁ ላይ ጠቀለለልኝ። እኔም ሁለት ዓይን ጨመርኩ።